አንድ ቆርኪ ቡላ

ነገሩ በአንድ ቆርኪ ይጀምራል፣ በዚያው ቆርኪ ያልቃል። መሃሉ ግን ረጅም ነው። እኔ ስቆጥር እናንተም አብራችሁኝ ቁጠሩ፤ አንዱን የዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ትርሲት የምትባል ዝምተኛ ሴት አለች። እሷ ዝም ትበል እንጂ እጇ ዝም አይልም። የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ትቆርጣለች፣ ስታኞ አቅልጣ ታጣብቃለች፣ በሚስማር ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ብሎን ታስመስላለች። ከዚያ ጋሪ ይወጣዋል፣ ድልድይ ይወጣዋል፣ የውሃ ቦቴ ይወጣዋል። ሰው አይቶ "መጫወቻ ነው?" ሲላት፣ "አይደለም፤ ትንሹ ነው" ትላለች። የትልቁ ትንሹ ማለቷ ነው።

ስምንት ወር ሙሉ፣ ልጇ እስኪተኛ እየጠበቀች የሠራችው ግን ሊትሪና ነው። ሊትሪና ጎታች የማትፈልግ፣ ሞተሯን በሆዷ ይዛ ራሷን ችላ የምትሮጥ የሰው ባቡር ናት፤ ነበረች ልበል። ቁጥር ሰባት የምትባለዋን ሊትሪና ሃያ ስድስት ዓመት የነዷት የትርሲት ጎረቤት ናቸው፤ ሙሴ በላቸው። በድሬ የድሮ የባቡር ሰው ሙሴ ነው የሚባለው። ትልቋ ቁጥር ሰባት ተቆራርጣ ብረት ከሆነች ቆይታለች። ትንሿን ትርሲት የሠራቻት ሙሴ ዓይናቸውን ጨፍነው እየነገሯት ነው፦ መስኮቷ ስምንት፣ በሯ ሁለት፣ ግንባሯ ላይ አንድ መብራት።

ዛሬ ቅዳሜ፣ አስር ሰዓት ላይ፣ የሙሴ ልጅ መኪና ይዛ ትመጣና አባቷን ወደ አዳማ ትወስዳቸዋለች። ጠቅልለው መሄዳቸው ነው። ሻንጣቸው ተዘግቷል። አንድ ካርቶን ብቻ አፉን ከፍቶ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል፤ ለሊትሪናዋ ነው።

"ደረሰች?" አሉ ሙሴ ጠዋት።

"ጣሪያዋ ብርማ ሆኗል፣ ትከሻዋ ቀይ ሆኗል። ወገቧ ቀርቷል" አለች ትርሲት።

"ወገቧ ቡላ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ቡላ ካልታጠቀች የእኔ ቁጥር ሰባት አይደለችም፤ የዘይት ቆርቆሮ ናት። የዘይት ቆርቆሮ ደግሞ አዳማም አለ።"

ችግሩ ይኸው ነው። ያ ቡላ ቀለም ድሮ ከባሕር ማዶ በጣሳ ተጭኖ ይመጣ ነበር። አሁን ጣሳውም አይመጣም፣ የሚያመርተውም ፋብሪካ ማምረት ትቷል። ትርሲት ግን ጣሳ ሙሉ አልፈለገችም። ከክንድ የምታጥር ባቡር ወገቧ ስንት ይጠጣል? አንድ ቆርኪ። ስለዚህ አንድ የለስላሳ ቆርኪ አጠበች፣ አደረቀች፣ በግራ እጇ ጨበጠች፣ ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ወጣች።

ቆርኪዋን አትርሱ። እሷ ትረሳታለች፤ እናንተ አትርሱ።

ቀለም ቀማሚው ጀማል ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው መንገድ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጣሳ ሲበጠብጥ አገኘችው።

"ጀማል፣ አንድ ቆርኪ ቡላ ቀምምልኝ።"

"አቦ፣ ለአንድ ቆርኪ ነው በዚህ ፀሐይ የመጣሽው?" ብሎ ሳቀ፤ ስቆም ቀመመላት። ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ቀብቶ አሳያት። ነጭ ነው፤ ወተት የነካው ነጭ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቡላ ነዋ! ገንፎ ሆኖ ቢቀርብልሽ ትበዪው አልነበር?"

"የእንሰቱን ቡላ መች አልኩህ? የቀለሙን ቡላ ነው።"

"የቀለሙ ቡላ የቱ ነው? እናቴ አቧራ የጠጣ ነጠላ ስታይ 'ቡላ ሆነ' ትላለች። አክስቴ የከሰል አመድ ቡላ ነው ትላለች። ባለሱቁ ያሲን ደግሞ የእኔን ፊት ቡላ ነው ይላል። እኔ የማውቀው የበላሁትን ነው፣ ወላሂ። ምልክት አምጪልኝ። ዓይኔ ያላየውን እጄ አይቀምምም።"

ትርሲት አልተከራከረችም። ምልክቱ የት እንዳለ ታውቃለች።

ጀማል ካልቀመመ፣ ሊትሪናዋ ወገቧን አትታጠቅም። አንድ አልን።

ከጀማል ሱቅ ቀጥሎ እትዬ ብርቄ ሻይ ይሸጣሉ። ደጃቸው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር እግሩ እንጨት ነው፤ መቀመጫው ግን የቁጥር ሰባት በር ነው። በሩ ከተቆራረጠችው ሊትሪና የተረፈ ነው፤ ሰው ሁሉ ይቀመጥበታል፣ ማን ላይ እንደተቀመጠ ግን አያስብም። ትርሲት ጎንበስ ብላ አየችው። ላዩ በፀሐይና በሰው ሱሪ ተፍቆ እንደ አጥንት ነጥቷል። እሱን ለጀማል ብታሳይ የነጣውን ነው የሚቀምምላት። ቀለም ሳይለወጥ የሚኖረው ፀሐይ ያላየው ጋ ነው፤ ከሥሩ።

"እትዬ ብርቄ፣ አግዳሚውን ልገልብጠው?"

"ገልብጪው! እኔ ምን ቸገረኝ? እነሱን ግን እኔ አላስነሳም። ባለፈው አስነስቼ ስድስት ቀን አኮረፉኝ" አሉና በማንኪያቸው ጠቆሙ።

አግዳሚው ካልተገለበጠ ጀማል አይቀምምም፤ ጀማል ካልቀመመ፣ ሊትሪናዋ ወገቧን አትታጠቅም። ሁለት።

አግዳሚው ላይ ጋሽ መኩሪያና ሐጂ ኡመር እንደ ፈረስ ተፈናጠው፣ ፊት ለፊት ተያይተው፣ መሃላቸው ላይ ዳማ ዘርግተዋል። ዳማው በቆርኪ ነው። የጋሽ መኩሪያ ቆርኪዎች ፊታቸው ወደ ላይ ነው፣ የሐጂ ኡመር ወደ ታች።

"ጋሽ መኩሪያ፣ ሐጂ፣ አንዴ ትነሱልኝ?"

"ንጉሤ ዘውድ ሳይጭን?" አሉ ሐጂ ኡመር። "እዪ ልጄ! ቆርኪዬ ጫፍ ደርሷል፤ ንጉሥ ሆኗል። በላዩ ሌላ ቆርኪ ይደረብለታል፤ ዘውዱ እሱ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ከበላው አንዱን መልስልኝ ብለው…"

"የበላሁትን አልተፋም!" አሉ ጋሽ መኩሪያ። "ዘውድ የሌለው ንጉሥ ደግሞ ተራ ቆርኪ ነው። አንድ እርምጃ ብቻ ይሂድ።"

"እዪልኝ! ሆዳም!"

"ቆርኪ ቢገኝ ትነሳላችሁ?" አለች ትርሲት።

"ዘውዱ ይጫን እንጂ፣ በሦስት እርምጃ እጨርሰዋለሁ" አሉ ሐጂ።

"በህልምህ" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"እሺ" አለችና ትርሲት፣ ግራ እጇን ጨበጥ አድርጋ፣ ቆርኪ ፍለጋ ሄደች።

ዝም በሉ! አትንገሯት።

ንጉሡ ዘውድ ካልጫነ ሽማግሌዎቹ አይነሱም፤ ሽማግሌዎቹ ካልተነሱ አግዳሚው አይገለበጥም፤ አግዳሚው ካልተገለበጠ ጀማል አይቀምምም፤ ጀማል ካልቀመመ፣ ሊትሪናዋ ወገቧን አትታጠቅም። አራት ሆነ። ሦስት ያላችሁ ሽማግሌዎቹን ዘላችኋል።

ያሲን ሱቁ ውስጥ በካርቶን ክዳን ፊቱን ያራግባል።

"ያሲን፣ ቆርኪ አለህ?"

"ትናንት ብትመጪ ጆንያ ሙሉ ነበር። ጠዋት ጠራጊዎቹ ጠርገው ወሰዱት። ለምንድን ነው?"

"ለንጉሥ።"

"ለማን?"

"ጠርሙሱ ካልተከፈተ ንጉሡ ዘውድ አይጭንም፤ ንጉሡ ዘውድ ካልጫነ ሽማግሌዎቹ አይነሱም፤ ሽማግሌዎቹ ካልተነሱ አግዳሚው አይገለበጥም፤ አግዳሚው ካልተገለበጠ ጀማል አይቀምምም፤ ጀማል ካልቀመመ፣ ሊትሪናዋ ወገቧን አትታጠቅም" አለችው ባንድ ትንፋሽ።

ያሲን ማራገቡን አቆመ። ትርሲት ይህን ያህል ስትናገር ሰምቶ አያውቅም። "ወላሂ አንድ ነገር አልገባኝም፤ ግን አዘንኩልሽ" አለ። "ብከፍትልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ታዲያ ማን ይጠጣዋል? ፍሪጁ ከትናንት ወዲያ ሞቷል። በድሬ ፀሐይ ትኩስ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ካለ አምጪልኝ፣ ፎቶ አነሳዋለሁ። ከፍቼ ባስቀምጠው ደግሞ ጋዙ ይወጣል። በረዶ አምጪና አንዱን እከፍታለሁ።"

በረዶ የምትሸጠው ሰዓዳ ናት፤ ከያሲን ሦስት ደጅ አልፎ። ሰዓዳ ባዶ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

"ሰዓዳ፣ በረዶ።"

"እኔም እሱኑ እያልኩ ነው፤ በረዶ፣ በረዶ! በረዶዬ ጋሪው ላይ ነው፣ ጋሪው አህያዋ ላይ ነው፣ አህያዋ ደግሞ የራሷ ልብ ላይ ናት። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ማዶ ቆማለች። ያቺ ቡላ አትራመድም ብላለች።"

"ማን አልሽኝ?"

"ቡላ። የሙሜ አህያ።"

ትርሲት እየሮጠች ሄደች። እየሮጠችም ትቆጥራለች። ቡላ ካልተራመደች በረዶው አይደርስም፤ በረዶው ካልደረሰ ለስላሳው አይቀዘቅዝም፤ ለስላሳው ካልቀዘቀዘ ጠርሙሱ አይከፈትም፤ ጠርሙሱ ካልተከፈተ ንጉሡ ዘውድ አይጭንም፤ ንጉሡ ዘውድ ካልጫነ ሽማግሌዎቹ አይነሱም፤ ሽማግሌዎቹ ካልተነሱ አግዳሚው አይገለበጥም፤ አግዳሚው ካልተገለበጠ ጀማል አይቀምምም፤ ጀማል ካልቀመመ፣ ሊትሪናዋ ወገቧን አትታጠቅም። ስምንት። ሰዓቱም ሰባት ሆኗል።

ማዶ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ አንድ ጋሪ ቆሟል። በረዶው ጆንያና ሰጋቱራ ለብሶ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከፊቱ አህያዋ ቆማለች። ባለጋሪው ሙሜ ገመዱን እየጎተተ በአንድ አፉ ይለምናታል፣ ይሰድባታል።

ትርሲት አህያዋን አየችና ቆመች። መልኳ አመድ ነው፤ አመዱ ላይ ግን ትንሽ ማር ጠብ ብሎበታል፤ ማሩ ላይ ደግሞ ጥቂት አቧራ። ድሮ የጣቢያው ቀለም ቀቢዎች ጣሳው ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ስም ትተው ለምን ቡላ እንዳሉት ገባት። ገንፎ አይተው አይደለም። አህያ አይተው ነው።

"ሙሜ፣ አህያህን ጀማል ጋ ወስጄ ላሳየው?"

"እህቴ፣ መሄድ ብትፈልግማ በረዶውን አደርስ አልነበር?" አለ ሙሜ ላቡን እየጠረገ። "ሐብሐብ ሸቷታል። ልጣጭ ካልበላች ንጉሥ ቢመጣ አትራመድም።"

"ንጉሡ እንኳ ራሱ ችግር ላይ ነው" አለች ትርሲት።

ሐብሐብ ሻጯ ነኢማ እዚያው አህያዋ አፍንጫ ሥር ተቀምጣለች። ሐብሐቡ አጠገቧ ነው፣ ቢላዋውም አጠገቧ ነው። እቅፏ ላይ ግን የሰባት ወር ልጇ ተወጥራ ታለቅሳለች።

"አንድ ቁረጪላት፤ ልጣጩን ብቻ ነው የምትፈልገው" አላት ሙሜ ለመቶኛ ጊዜ።

"በምኔ ልቁረጥ? በጥርሴ?" ጮኸች ነኢማ። "ከጠዋት ጀምሮ አላስቀመጠችኝም! ሐብሐብ በአንድ እጅ አይቆረጥም። ሁለተኛ እጅ ስጡኝና መንገዱን ሁሉ ሐብሐብ አደርግላችኋለሁ።"

እዚህ ላይ ትርሲት ፈገግ አለች። ከጠዋት ጀምሮ የማታውቀውን ስትለምን ነው የዋለችው፤ ቀለም መቀመም አታውቅም፣ ዳማ አታውቅም፣ አህያ አታውቅም። የሚያለቅስ ልጅ ግን ታውቃለች።

"ስጪኝ" አለች።

ጣቷን አብሳ የሕፃኗን ድድ ዳሰሰች። "ጥርስ እያወጣች ነው፤ ታችኛው። የእኔም እንዲህ ነበር።" ሕፃኗን በነጠላዋ አዘለቻት፤ ጥላ ለጥላ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች። ሌላ ዜማ አልመጣላትም፤ አፏ ላይ ያለው ያው ከጠዋት ጀምሮ ስትቆጥረው የዋለችው ነው። እሱኑ ደጋግማ አዜመችላት።

እሹሩሩ፣ አንቺ ካልተኛሽ ሐብሐቡ አይቆረጥም፤
ሐብሐቡ ካልተቆረጠ ቡላ አትራመድም፤
ቡላ ካልተራመደች በረዶው አይደርስም፤
እሹሩሩ፣ በረዶው ካልደረሰ ለስላሳው አይቀዘቅዝም፤
ለስላሳው ካልቀዘቀዘ ጠርሙሱ አይከፈትም፤
ጠርሙሱ ካልተከፈተ ንጉሡ ዘውድ አይጭንም፤
እሹሩሩ፣ ንጉሡ ዘውድ ካልጫነ ሽማግሌዎቹ አይነሱም፤
ሽማግሌዎቹ ካልተነሱ አግዳሚው አይገለበጥም፤
አግዳሚው ካልተገለበጠ ጀማል አይቀምምም፤
እሹሩሩ፣ ጀማል ካልቀመመ…

ሕፃኗ ተኛች። አስር፤ ሞላ።

"ወገቧንስ?" አለ ሙሜ በሹክሹክታ። ጆሮው ተይዞ ነበር።

"አትታጠቅም" አለች ትርሲትም በሹክሹክታ።

ነኢማ ቢላዋውን አነሳች። ሐብሐቡ ተቆረጠ፤ ጠስ ብሎ ለሁለት ተከፈተ። ልጣጩ ተጣለ። ቡላ አኘከች፣ አፏን ላሰች፣ ማንም ሳይነግራት ተራመደች። ጋሪው ተንቋቋ። ትርሲት ሕፃኗን እንዳዘለች ቆማ አየቻቸው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። አህያዋ እፊቷ ሳለች አመድና ማር ነበረች። አስር ዛፍ ያህል ስትርቅ ማሩ ሳሳ። ሰዓዳ ደጅ ስትደርስ ነጣ ብላ ታየች።

ነኢማ እጇን ታጥባ ልጇን ስትቀበል፣ ትርሲት ጋሪውን እየተከተለች ሮጠች፤ ስትደርስበት አህያዋ ተመልሳ አመድና ማር ሆናለች።

"ሙሜ፣ አህያህ ቅድም ከዚያ ሳያት ነጥታ ነበር።"

"አልነጣችም" አለ ሙሜ። "ራቀች እንጂ።"

ትርሲት ይህን በልቧ ያዘችው። በእጇማ የያዘችውን ረስታዋለች።

ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው። ቡላ ተራመደች፤ በረዶው ደረሰ፤ ሰዓዳ በመዶሻ ሰባብራ ሰጠች፤ ለስላሳው ቀዘቀዘ፤ ላብ ያጠመቀው የባጃጅ ሹፌር ቆሞ "አንድ ቀዝቃዛ" አለ፤ ጠርሙሱ ተከፈተ፤ ቆርኪው ጠብ ሲል ትርሲት ከአየር ላይ ቀለበችው፤ በቀኝ እጇ። ንጉሡም ዘውድ ጫነ።

"አሁን ጉድህን ታያለህ!" አሉ ሐጂ ኡመር።

በሁለተኛው እርምጃ ንጉሡ ተበላ።

"ዘውዱንም በላሁት" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

ሽማግሌዎቹ ተነሱ፤ አንዱ በደስታ፣ አንዱ በንዴት። አግዳሚው ተገለበጠ። ሥሩ የሸረሪት ድር ነበረው፤ እትዬ ብርቄ በጨርቃቸው ጠረጉት። ከድሩ ሥር ቡላው ወጣ። ትናንት ተቀብቶ የደረቀ ይመስላል።

"እኔ ሃያ ዓመት የተቀመጥኩት በዚህ ላይ ነው?" አሉ ሐጂ ኡመር፤ ንዴታቸውም ጠፋ። እሳቸው በአንድ ጫፍ፣ ጋሽ መኩሪያ በሌላው ጫፍ ይዘው አግዳሚውን ጀማል ደጃፍ አደረሱት። እትዬ ብርቄም "አትፋቁት! እንዳትፋቁት!" እያሉ ተከተሉ።

ጀማል ካየ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ሳቁን ተወ። ነጭ አፈሰሰ፤ ጥቁር በስንጥር ጫፍ፤ የአፈር ቢጫ በማንኪያ ጫፍ። አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቀይ በመርፌ ጫፍ ጨመረ። ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ቀባ።

"ልክ ነው!" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"እርጥብ ቀለም ይዋሻል" አለ ጀማል። ፀሐይ ላይ አስቀመጠው፤ ሲደርቅ ጠቆረ። እንደገና ቀመመ፣ እንደገና አደረቀ። ሱቁ ውስጥ ልክ የሆነው ደጅ ሲወጣ አረንጓዴ አረንጓዴ አለ። "አምፖልም ይዋሻል" ብሎ ሥራውን ሁሉ ወደ ግድግዳው ጥላ አወጣ። በአራተኛው፣ የደረቀውን ቁራጭ አግዳሚው ሥር ላይ ሲያስቀምጠው ቁራጩ ጠፋ። ጠርዙን በጣት ካልዳሰሱት አይገኝም።

"ይኸው ቡላሽ!" አለ ጀማል ወገቡን ይዞ። "በምን ልስጥሽ?"

ትርሲት ግራ እጇን ዘረጋች። ጠዋት የጨበጠችውን ፈታች። መዳፏ ላይ የቆርኪው ጥርስ ክብ ሠርቷል፤ ክቡ መሃል ቆርኪው ተቀምጧል።

ሐጂ ኡመር ቆርኪውን አዩ፣ ትርሲትን አዩ፣ ቆርኪውን አዩ።

"አንቺ ልጅ! ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝሽው?"

"ከጠዋት" አለች ትርሲት፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። "እኔ እኮ… ይሄ ቆርኪ አይደለም። መስፈሪያ ነው።"

ጋሽ መኩሪያ ሳቃቸው አስቀመጣቸው፤ አግዳሚው ግን እንደተገለበጠ ነውና መሬት ላይ ነው የተቀመጡት። እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን በጨርቃቸው ጠረጉ። ጀማል ስቆ ስቆ ስንጥሩን ጣለው። ትርሲትም ሳቀች፤ ሲበቃት ግን እንዲህ አለች፦

"ጀማል፣ አንድ ጠብታ ነጭ ጨምርበት።"

ሳቁ ቆመ። "አበድሽ እንዴ? ልኩን ካገኘሁት በኋላ?"

"ለትልቋ ልክ ነው። ለትንሿ ይጠቁራል።"

"ቀለም ቀለም ነው፣ አቦ!"

"አህያዋን ከዚህ አይቻታለሁ፤ ከዚያም አይቻታለሁ" አለች ትርሲት። "ትንሿ እጄ ላይ ብትሆንም ሩቅ ናት። ባቡር ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ የሚታየው ሲርቅ ነው። የሩቁን ቀለም ስጠኝ።"

ጀማል አግዳሚውን አየ፣ መንገዱን አየ፤ መንገዱ ጫፍ ላይ ሌላ ጋሪ ይሄዳል። ነጭ ጨመረ፤ አንድ ጠብታ፣ ከዚያም ግማሽ። በአኳራጅ አቀጠነው፣ ቆርኪዋን ሞላላት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቀባችው። የድሬ ፀሐይ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ናት። ሊትሪናዋ መስኮት ላይ ተቀምጣ፣ ፀሐይ እያየቻት ወገቧን ታጠቀች፤ ቆርኪዋም ተሟጠጠች።

አስር ሰዓት ላይ የሙሴ ልጅ መኪናዋን ደጅ አቆመች። ሻንጣው ገባ። ሙሴ በላቸው ባዶ ካርቶናቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። ትርሲት ሊትሪናዋን በሁለት እጇ ይዛ ወጣችና ሰጠቻቸው፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ሙሴ መጀመሪያ መስኮቷን ቆጠሩ። በሯን ነኩ። ወገቧ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ቡላው ነጣ እንዴ?" አለች ልጃቸው።

"ቆይ" አሉ። ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘረጉ፤ ሊትሪናዋን ወደ መንገዱ አዙረው ያዟት።

"ሃያ ስድስት ዓመት ውስጧ ስቀመጥ ከውጭ እንዴት እንደምትታይ አላውቅም ነበር" አሉ። "ከሩቅ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት። ሌላ ሰው ነድቷት ሲሄድ መሳፈሪያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወደ ሺኒሌ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ፣ ልክ ይህን መሰለች።" ወደ ትርሲት ዞሩ። "ማን ነገረሽ፣ ልጄ?"

"አህያ" አለች ትርሲት።

ሙሴ የሳቁት ሳቅ ከዚራን አናወጠው። ሊትሪናዋን ካርቶን ውስጥ አልከተቷትም፤ ጉልበታቸው ላይ፣ ፊቷን ወደፊት አድርገው አስቀመጧት። ካርቶኑ ደጅ ቀረ።

መኪናዋ ተነሳች። ትርሲት ልጇን አዝላ መንገዱ ዳር ቆማ አየች። የኋላው መስታወት፣ መስታወቱ ውስጥ የሙሴ ነጭ ፀጉር፣ ከፀጉሩ ጎን ከፍ ያለ አንድ እጅ። እየሄዱ ሄዱ፤ እጁ አነሰ፤ የመኪናዋም ቀለም ሳሳ።

"ነጣች" አለ ልጇ ከጀርባዋ። ገና ቃል መልመዱ ነው።

"አልነጣችም" አለችው። "ራቀች እንጂ።"

እኔም እዚህ አበቃሁ። ተረቴን ውሰዱ፤ ቆርኪዬን መልሱ።